ለሠላሳ ቁጥር የጠፋው ኩራዝ

ያን ጊዜ ቡታጅራ ውስጥ ፎቶ ቤት ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር። ካሜራዬን ከአዲስ አበባ አምጥቼ፣ ክራባት አስሬ፣ ከተማውን በሙሉ ወደ ታች እያየሁ እውል ነበር። አሁን ሳስበው ያንን ሰውዬ በጥፊ ማለት ያምረኛል።

በክረምቱ መጨረሻ ገበያተኞችን ጭኖ የሚመለስ የጭነት መኪና በደራሽ ጎርፍ ተወሰደ። አንድም ሰው አልተረፈም። ሐዘኑ እስላም ክርስቲያን ሳይል በየቤቱ ገባ። በአርባው ቀን ሽማግሌዎች መክረው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለሞተበት ሰው ከቤቱ አንድ መብራት አምጥቶ ከገበያው እስከ ድልድዩ ባለው መንገድ ዳር እንዲያስቀምጥ ወሰኑ። መብራቶቹ ጎልተው እንዲታዩ የከተማው ጄኔሬተር ሊጠፋ ሆነ፤ እኔም ፎቶ እንዳነሳ ተጠራሁ። ፎቶው አዲስ አበባ ድረስ ይላካል ተብሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከሟቾቹ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

ሲመሻሽ የመጣው አብዛኛው መስተዋቱ የተወለወለ ፋኖስ ነበር። ካሜራዬን ካቆምኩበት ፊት ለፊት ግን ራቅ ካለው የመስቃን ገጠር የመጡ አንዲት እናት ከቆርቆሮ የተሠራ ኩራዝ አስቀመጡ። አንድ ልጃቸው በርበሬ ሊሸጥ እንደወጣ ቀርቷል። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰግጄ እስክመለስ አደራህን፣ እንዳይጠፋብኝ። ልጄ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ዛሬ እንኳ በመብራቱ ይነሳልኝ።»

«ምንም አያስቡ እናቴ» አልኩ።

ኩራዙ ይጨሳል፤ ጭሱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራዬ ነው የሚመጣው። በዚያ ብርሃን ለማንሳት ሠላሳ እስክቆጥር ድረስ ካሜራው ክፍት መቆየት ነበረበት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ጭስ ካለፈበት ፎቶው ይደበዝዛል። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብሄድ ይበቃ ነበር። ግራው ጭቃ ነው፣ እኔ ደግሞ አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። ዙሪያዬን አየሁ። ማንም ልብ አላለኝም። ጎንበስ ብዬ እፍ አልኩት።

ሠላሳ ቆጠርኩ። ክብሪት ጫርኩና መልሼ ለኮስኩት። ፎቶውን ልድገም ስል ካፊያ ወረደ፤ ሰዉ መብራቱን እያነሳ ወደየቤቱ መሄድ ጀመረ። ሴትዮዋ ሲመለሱ ኩራዛቸውን እየነደደ አገኙትና ትከሻዬን ሳሙኝ። ያኔ እንኳ አላፈርኩም፤ ሐሳቤ ሁሉ ፊልሙ ላይ ነበር።

በሳምንቱ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ፎቶ ቤቴ መጡ። ፎቶው ግሩም ሆኖ ወጥቶ ነበር። አንዱን ቅጂ ሰጠኋቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት።

«የኔ የትኛው ነው?»

የእሳቸው ቦታ ጥቁር ነው። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። ሴት ልጁ የሞተችበትን የአንድ ነጋዴ ፋኖስ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ይሄ ነዋ።»

«እንዲህ አምሮ? ኩራዝም አይመስል።»

«ፎቶ ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው» አልኩ። ይህን ስጽፍ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ይግላል። ልጃቸውን ሁለተኛ የቀበርኩባቸው እኔ ነኝ፤ አዲስ ጫማ ጭቃ እንዳይነካው ብዬ።

ፎቶውን መልሰው ዘረጉልኝ። ዓይናቸው ደከም ያለ ስለሆነ ቤት ሲገቡ ከሌሎቹ መብራቶች ጋር እንዳይምታታባቸው ምልክት እንዳደርግላቸው ለመኑኝ። እስክሪብቶ አነሳሁና በነጋዴው ልጅ መብራት ዙሪያ ክብ ሠራሁላቸው። ክቡን ሳሙት፣ በነጠላቸው ጠቀለሉት፣ ከዚያም መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁኝ።

«አንተም ልጅ ወልደህ፣ አላህ ያሳድግልህ።»

«አሜን» አልኩ።