ምላስ የሌላት ቃጭል

በዚያ ቀን በቤቱ የነበርነው ስድስት ነን። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ፤ የልጃቸው ሚስት፤ የእርሷ ታላቅ ወንድም፤ ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ፤ እኔ፤ በስድስተኛነትም ዓመት የሞላው ሕፃን። የሕፃኑ አባት በቁጥሩ አይገባም፤ ጣሊያንን ሊዋጋ ዱር የገባው ልጁ ሳይወለድ ነበርና። የተሰበሰብነው ግን ስለ እርሱ ነበር። ቢሆንም ስሙን ከመካከላችን የጠራ አልነበረም።

እነማን እንደነበሩ አስቀድሜ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኋላ ነገሩ ሲበላሽ ሁላችንም ይህንኑ ቁጥር በልባችን እየደጋገምን አንዳችን የሌላችንን ፊት ስንመረምር ከርመናል። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ መናገር አልወድም። አሁን የምጽፈው ሊቆጣ የሚችል ሰው ባለመቅረቱ ነው።

ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ከሚወስደው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ በአንድ ጉብታ ላይ ነበር። የኔታና እኔ የዲማው የቅኔ ጉባኤ በጦርነቱ ምክንያት ሲበተን እዚያ ተጠግተን ነበር፤ ሽማግሌው የየኔታ የልጅነት ባልንጀራ ናቸው። የገና ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ከዱር ቃል መጣ። አባትየው በበዓሉ ቀን፣ ሰዉ ሁሉ በሜዳው ገና ሲጫወት፣ ከተጫዋቾቹ ጋር ተቀላቅሎ በአውድማው በኩል ወደ ቤት ሊገባና ልጁን ሊያይ ቆርጧል። ልጁን አይቶት አያውቅም። ይህን የምናውቅ ዐዋቂዎች አምስት ነበርን፤ ከአምስታችን አንዱ አፉን ቢከፍት ሰውየው ሞተ ማለት ነው።

በተጨማሪ ልብስ አልነበረውም። በውርጭ ላይ የሚያድር ሰው ነው፤ ጋቢው አልቆ፣ ጫማው ተበጥሶ፣ ጨው እንኳ ከቀመሰ ቆይቷል። ከከተማው ገበያ እንዳይገዛለት ደግሞ በመውጫው ላይ ኬላ አለ። አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ጭነት ሁሉ ይፈታሉ፤ ለዱር ሰው ይሆናል ያሉትን ነጥቀው ባለቤቱን ያስራሉ።

ሽማግሌው በሩን ራሳቸው ዘጉና ተቀመጡ። «በልጁ ስም ይገዛ» አሉ። «የልጄ ልጅ ዓመት ሞላው። ለገና ስጦታ ብገዛለት ማን ምን ይለኛል?»

«ለዓመት ልጅ ምን ይገዛል?» ብዬ ጠየቅሁ።

የእናትየዋ ወንድም ሳቀብኝ። «አንተ ተሜ፣ ከቁራሽ በቀር የሚሰጥ ነገር የት ታውቃለህ?»

«ጥብቆ ይገዛለት» አለች እናቱ። «ቀይ ጥለት ያለው። እርሱ በእውነት የልጄ ይሁን። ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ።»

ሽማግሌው ለልጁ ከበረታቸው አንዲት ጊደር ሰጡ፤ የኔታ በብራና የጻፉትን ጸሎት በአንገቱ ሊያስሩለት ቃል ገቡ። ከዚያም ጋቢው፣ ጠፍር ጫማውና ጨው ተነሡ። ማንም ቢጠይቅ የሁላችንም መልስ አንድ እንዲሆን ተስማማን፦ «ለልጁ ነው።»

የኔታ በዚህ እጅግ ደስ አላቸው። ጺማቸውን እየዳሰሱ «ልጁ ሰም፣ አባቱ ወርቅ» አሉ። «የውጭውን ያየ ሕፃን ያያል፤ የውስጡን የሚያውቅ ያውቃል።» እኔም የተማሪ ነገር ሆኖ ምስጢሩ ጣፈጠኝ። ቅኔ ለማያውቅ ጠላት ከዚህ የተሻለ መሰወሪያ የለም ብዬ አሰብኩ። ኬላው ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ ያነሣ የለም።

ወደ ከተማ የወረድነው እኔና ወንድምየው ነን። ጥብቆውን ለመምረጥ ብዙ ጊዜ ፈጀን፤ እርሱ የእያንዳንዱን ጥለት በጣቱ እያሸ «ይህ በአንድ እጥበት ይለቃል» እያለ ከነጋዴዎቹ ጋር ተከራከረ። ጋቢውን ስንገዛ ሻጭዋ ሴት ለማን እንደሆነ ጠየቀች።

«ለልጁ ነው» አላት።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ዓመት ሞላው።»

ሴትዮዋ ጋቢውን አየች፤ እርሱን አየች። «እንግዲያስ ሚስት ሲያገባ ይለብሰዋል» ብላ ጠቀለለችው።

ስቀን አለፍን። ከዚያ በኋላ «እዚህ ጠብቀኝ፣ መጣሁ» ብሎ ተለየኝ። ጭነቱን ይዤ በአህያ ተራ አጠገብ ብዙ ቆየሁ። ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር። የት እንደ ሄደ ብጠይቀው «የልጁ ጉዳይ ነው» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገሩን በልቤ ያዝኩት።

በኬላው የጣሊያን ጸሐፊ ሆኖ የተቀመጠው የሕፃኑ የክርስትና አባት ነበር። ከጦርነቱ በፊት ከየኔታ ዘንድ ቅኔ ይቆጥር የነበረ፣ ብሩህ ተማሪ ነው፤ ጣሊያን ሲገባ ቋንቋቸውን ፈጥኖ ተማረና አደረላቸው። ልጁን ክርስትና ያነሣው ይህ ሳይታወቅ ነበር። አስካሪው ጭነታችንን ፈትቶ ጋቢውን በመንገዱ ላይ ዘረጋው።

«የማን ነው?»

«የልጁ ነው። ለገና» አለ ወንድምየው።

ጸሐፊው ከመቀመጫው ተነሣ። «የክርስትና ልጄ!» አለ። ጋቢውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተው። «እንዴት ነው፣ እንደ አባቱ ረዝሟል እኮ!»

አስካሪዎቹ ሳቁ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ሊያሳልፈን ሲል የወንድምየውን ትከሻ ይዞ በጆሮው አንድ ነገር አለው። በመንገድ ምን እንዳለው ጠየቅሁት። «የእህቴን ደኅንነት ጠየቀኝ» አለኝ። የእህትን ደኅንነት በጆሮ የሚጠይቅ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው የጸሐፊው አሽከር ለሕፃኑ ስጦታ ይዞ መጣ። በጠፍር የተንጠለጠለች ትንሽ የናስ ቃጭል ናት፤ መራመድ ለጀመረ ልጅ በእግሩ የሚያስሩለት፣ እናቱ የት እንዳለ በድምፅዋ እንድታውቅ። አሽከሩ ውኃ ጠጥቶ፣ ቤቱን ቀስ ብሎ ዙሪያውን አይቶ ሄደ። ሕፃኑ ቃጭሏን ይዞ ወዘወዛት። ድምፅ የለም። እንደገና ወዘወዛት፤ ተናዶ ወደ አፉ ከተታት።

የኔታ ከእጁ ወስደው ወደ ብርሃን አዞሯት። በውስጥዋ የምትንጠለጠለው፣ ምላስ የምንላት ፍሬ የለችም። የተቆረጠችበት ቦታ አዲስ ነበር፤ ናሱ ያበራል።

«ይህ ሰው የእኔ ተማሪ ነው» አሉ። «በከንቱ አንድ ቃል አያስገባም። ምላሷን አውጥቶ ቃጭሏን ሰደደ። ከቤታችሁ የወጣው ምላስ በእጄ ነው ማለቱ ነው። ከመካከላችን የተናገረ አለ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «በገበያ ከወንድሟ ጋር አብራችሁ ዋላችሁ?»

«ተለይቶኝ ነበር» አልኩ። በጆሮውም እንደ ተነገረው ጨመርኩ።

ወንድምየው ፊቱ ተለወጠ። «ለልጁ ስጦታ ላሠራ ሄጄ ነበር» አለ።

«ይህን ለኬላው ንገረው» አሉ ሽማግሌው።

ያን ጊዜ የሆነውን ዛሬ በግልጽ አየዋለሁ። ያን ቃል እኛው ራሳችን መዋሻ አድርገነው ነበር። «ለልጁ ነው» ሲባል በዚያ ቤት የሚሰማው «እውነቱ ሌላ ነው» የሚል ብቻ ሆኖ ነበር። እርሱም ይህን የተረዳ ይመስለኛል፤ ሌላ ቃል ፈልጎ አጣ።

እናትየዋ ሕፃኑን እንዳቀፈች «ታዲያ ወንድሜ፣ ስጦታው የታለ?» አለችው።

«አላለቀም።»

«ከማን ዘንድ ነው?»

ወደ እኔና ወደ የኔታ ተመለከተ። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የሰው ስም አልጠራም፣ እቴ። አንቺም ከጠየቅሽኝ በቃ።» በትሩን አንሥቶ ወጣ። የያዘው አልነበረም፤ ሁላችንም ግን የሄደበትን አቅጣጫ ለማየት አንገታችንን አሰገግን።

«ማንም ይናገር ማን፣ ባሌ አይውረድ» አለች እናትየዋ። «ልጁን ሌላ ቀን ያያል።» እኔ ተላክሁ፤ አኩፋዳ ይዞ ቁራሽ የሚለምን ተማሪ የትም ቢሄድ አይጠረጠርም።

ሰውየው ከሚገኝበት ሸንተረር ስደርስ ወንድምየው ከጎኑ ተቀምጦ አገኘሁት። ቀድሞኝ ደርሶ፣ እንዳይወርድ ነግሮት አብቅቷል።

«መጣህ ተሜ?» አለኝ። «እኔ ደግሞ ሰላዩ አንተ ነህ ብዬ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አላወቅሁም።»

አባትየው ስለ ጠላት ምንም አልጠየቀኝም። ልጁ ጥርስ ማብቀሉን፣ ሲራመድ መውደቁን፣ ጥብቆው ልክ መሆኑን ነው የጠየቀኝ። ስመለስ ወንድምየው አልተከተለኝም። «እዚያ ቤት የምናገረው ቃል የለኝም» አለ።

ያየሁትን በቤት ተናገርኩ። እናትየዋ እፎይ አለች። የኔታ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «ሰላይ የሆነ ሰውም ቀድሞ ሄዶ ያስጠነቅቃል፤ እንዲታመን። ከዚያ ወዴት እንዲሄድ መከረው? ይህን ጠየቅህ?» አልጠየቅሁም ነበር። ሽማግሌውም ያን ዕለት እህል አልቀመሱም።

በገና ማለዳ፣ ከቤተ ክርስቲያን ገና እንደ ተመለስን፣ ወታደሮች ቤቱንና አውድማውን ከበቡ። የጭዱን ክምር በሳንጃ ወጉት። ምንም ሲያጡ ወደ ቤት ገቡ፤ የአስካሪዎቹ አለቃ የሆነ አንድ ሹምባሽና ከኋላው የኬላው ጸሐፊ። ሹምባሹ ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥታ «ጋቢው የታለ?» አለ።

ሽማግሌው ከመደቡ ላይ አንሥተው ሰጡት። ሹምባሹ ሕፃኑን ከእናቱ እጅ ወስዶ መሬት ላይ አቆመውና ጋቢውን በላዩ ጣለበት። ልጁ ጠፋ። ከጋቢው መካከል አንዲት ጉብታ ብቻ ወዲያና ወዲህ ትንቀሳቀስ ጀመር፤ መውጫ አጥታ ትስቃለች። ወታደሮቹም ሳቁ።

«የዓመት ልጅ!» አለ ሹምባሹ። «ይህን እስኪሞላ ስንት ገና ሊያልፍ ነው?»

ያን ጊዜ ነገሩ ለሁላችንም ገባን። የተናገረ ሰው አልነበረም። የተናገረው ጋቢው ነው። በገበያ ያለች ሴት አይታዋለች፤ በኬላው ያሉ ሁሉ አይተው ስቀዋል፤ ጸሐፊው ቅኔውን በፊታችን ፈትቶልናል፤ እኛ ግን የእርሱን ሳቅ ሰምተን ቃሉን አልሰማንም። የኔታ ከጎኔ ቆመው ነበር። «ሰሙ ለወርቁ ጠበበ» አሉ፤ ለራሳቸው ይመስላል። በተማሪ ቅኔ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ቢያዩ በዱላቸው መሬቱን ይመቱ ነበር።

ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ልጁን ከጋቢው ሥር አወጣው። እናቱ በእግሩ ያሰረችለትን ቃጭል በጣቱ ነካ አደረጋት፤ ዝም አለች። ወደ ሽማግሌው ቀና ብሎ አየ፤ ወዲያው ዓይኑን መለሰ። ዝም በሉ ብሎን ነበር ማለት ነው? ወይስ ጥቆማውን ለአለቆቹ የሰጠ፣ ለእኛም ማስጠንቀቂያ የላከ አንድ ሰው ነው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እስኪሞት ድረስ አልጠየቅሁትም፤ ቢነግረኝም አላምነውም ነበር። ጋቢውን ይዘው ሄዱ፤ ለምን ማንንም እንዳላሰሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የኔታ በማግስቱ ወደ ዲማ ተመለሱ፤ ተከተለኝ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ወደዚያ ቤት ዳግመኛ አልመጡም። ወንድምየው ከአማቹ ጋር በዱር ቀረ። ሽማግሌው ይመለስ ብለው ሁለት ጊዜ ላኩበት፤ መልስ አልሰጠም። በተከታዩ ክረምት በአንድ ውጊያ ወደቀ። አባትየው ጠላት ሲወጣ በሕይወት ተመለሰ፤ ልጁ ግን ያን ጊዜ ከእንግዳ ሰው ይሸሽ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ፣ አንዲት የብር ሠሪ ሚስት ከከተማ መጥታ በደጅ ቆመች። ከጨርቅ ውስጥ ጥፍር የምታህል የብር መስቀል አወጣች። አንድ ሰው በገበያ ቀን ለገና እንድትደርስ አዝዞ፣ ሳይመለስ በመቅረቱ ቤቱን እየጠየቀች መምጣቷን ነገረችን።

ሽማግሌው መስቀሏን በመዳፋቸው ይዘው «ለማን ነው?» አሉ።

«ለልጁ ነው» አለች ሴትዮዋ።

ከሄደች በኋላም ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። እናትየዋ መስቀሏን ከእጃቸው ወስዳ በልጁ አንገት አሰረች፤ ክሩ ስለረዘመ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ይህ ሲሆን በቤቱ የነበርነው ሽማግሌው፣ እርሷ፣ እኔና ሕፃኑ ነን። አራት።