ምስክር አይመራም

ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደ «ሚስፕሌስ» ያናደደኝ ግሥ የለም። ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ቀላል ይመስላል፦ ዕቃን አንድ ቦታ አስቀምጦ ቦታውን መርሳት። ተማሪዎቼ ግን የሰሙትን ጥፋት ሁሉ ያጭቁበታል። አንዷ የተሰረቀ በሬያቸውን አመጣችልኝ፤ ሌላው ወንዝ የወሰደበትን ጫማ። «አይሆንም!» አልኳቸው። «በዚህ ግሥ ዕቃው የትም አልሄደም፣ ያለበት አለ። መንገዱ የጠፋው ከሰውየው ጭንቅላት ነው።» ያን ያህል የጮህኩት በእነሱ ተናድጄ አልነበረም። አባቴን እያሰብኩ ነበር።

አባቴ የሚኖረው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የድንበር ምስክር ነበር። ወንድማማቾች መሬት ሲካፈሉ ቆሞ ያያል፣ ድንጋዩን አብሮ ይተክላል፤ ኋላ ጠብ ሲነሳ ሽማግሌዎች ይጠሩታል። ያን ዓመት ግን ማጭዱን ራሱ ጤፍ ጎታ ውስጥ ከትቶ፣ ሌባ ገባ ብሎ ሰፈሩን አተራመሰ። ሌላ ቀን እኔን በሟች እህቱ ስም ጠራኝ። ሰው ፊት ሲሆን ወጉም ሳቁም እንደ ድሮው ስለነበር ከቤት ውጭ ማንም አላወቀም።

በዚህ መካከል ጎረቤታችን ባሏ ሞተባት። የባሏ ወንድም ዓመት እንኳ ሳይታገስ፣ ከምንጩ ሥር እስከ እኛ አጥር ያለው የበርበሬ መሬቷ እኩሌታው የእኔ ነው ብሎ ተነሳ። ሴትዮዋ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ በርበሬ ነው። ባሏና ወንድሙ ሲካፈሉ ከቆሙት ሰዎች ደግሞ በሕይወት የቀረው አባቴ ብቻ ነበር።

እንዲመሰክርላት ልትለምነው ስትመጣ እኔም ለእረፍት መጥቼ ነበርና ደጃፍ ላይ አገኘኋት። ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ወደ ጓሮ ወስጄ ሁሉንም አፍረጥርጬ ነገርኳት።

«ይረሳል። ሰው ፊት እንደምታዪው አይደለም።»

«ማጭድ ይረሱ ይሆናል» አለችኝ። «ድንበር ይረሳሉ? ኸሳቸው ሌላስ ማን አለኝ?»

ከሽማግሌዎቹ ታላቅ ለሆኑት ቄስም ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ያባትሽን ገበና ደጅ አታውጪ ልጄ፣ ደግ አይደለም» አሉኝ። የቀረኝ ራሱን አባቴን እንዳይሄድ መለመን ነበር። «ባሏ ለሞተባት ሴት መስክር ተብዬ ልቅር?» አለና ጋቢውን እንዳቀብለው እጁን ዘረጋ። አቀበልኩት።

ምስክር ድንበር ሲያሳይ ወግ አለው። እሱ ከፊት ይሄዳል፣ ሽማግሌዎቹና ባለጉዳዮቹ ይከተሉታል፤ ጨርሶ እስኪቆም አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። አባቴ በማርያም ስም ማለና ዘንጉን ይዞ ተነሳ። እስከ ዋንዛው ድረስ ልክ ነበር፤ ልቤ ትንሽ አረፍ አለ። ከዋንዛው ወደ ምንጩ መታጠፍ ሲገባው ግን ቀጥ ብሎ ወደ እኛ አጥር አመራ። በዚያ ከሄደ የምንጩ ሥር መሬት በሙሉ ለባላጋራዋ መሆኑ ነው።

«አባባ፣ ወደ ምንጩ!» ብዬ ጮህኩ።

ቄሱ ጭራቸውን አነሱብኝ። «ምስክር አይመራም!»

አባቴ ዞር ብሎም አላየኝ። ደስ ብሎት ነበር የሚሄደው፣ እግሩ አንዴም አላመነታም። የሄደበት መስመር ፈጠራ እንዳልነበረ የገባኝ ኋላ ነው፤ እሱ ጎረምሳ ሳለ የነበረ፣ ወንድማማቾቹ ሳይካፈሉ የፈረሰ የጥንት ድንበር ነበር። አጥራችን ጋ ሲደርስ ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ «ይኸው» አለ። እኩሌታውን ለጠየቀው ሰው ሙሉውን ሰጠው። ሰውየው ደንግጦ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ቀጥሎ መሬቱን አየ፣ እምቢ ግን አላለም። ያን ፊቱን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ እዚያው በርበሬው መካከል ቁጭ አለች።

ወረዳ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ ተመለሰች። በአባቴ ቃል ላይ ሌላ ቃል የሚያቆምላት ሰው አልነበረም።

ለፋሲካ ስመጣ አባቴ ደጅ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ያን ጊዜ እኔንም የሚያውቀኝ አልፎ አልፎ ነው። ሴትዮዋ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን የዚህን ቤት ደጅ አልረግጥም ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች።

«የማን ነሽ ልጄ?» አላት።

«ጎረቤትዎ ነኝ፣ አባቴ።»

ፊቱ በራ። «እንዲያ ኸሆነማ መሬትሽ ኸኛ ይዋሰናላ!»

ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ እጁን ይዛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መለሰችለት።

«ይዋሰን ነበር።»