የእኔ ሪዝና የልጅ ልጄ ሂና

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የዕቃ ጀርባ ያነበበ ሰው ካለ ይምጣና እንነጋገር። ፊቱንማ ማንም ያነባል። ፊቱ ላይ ላም አለች፣ ማር አለ፣ የሚስቅ ሕፃን አለ። እኔ የምለው ጀርባውን ነው፤ ጉንዳን በእግሯ የጻፈችው የሚመስለውን፣ እንዳይነበብ ተብሎ የተጻፈውን።

ትምህርቴ ከቄስ ፊደል አላለፈም። አያቴ ከባቡሩ ጋር የመጡ ሰው ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ወደብ ላይ ካርቶን በመቁጠር አሳለፍኩ። ፈረንሳይኛን ማንም አላስተማረኝም፤ ከካርቶን ላይ ለቀምኩት። ስለዚህ ፈረንሳይኛዬ ከሌላው ሰው ይለያል። «እንደምን አደሩ» ለማለት ልደናቀፍ እችላለሁ። «ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ዓይን ከነካ በብዙ ውሃ ይታጠብ» ለማለት ግን ፓሪስ የተወለደ አይቀድመኝም።

ጡረታ ስወጣ አንድ ደብተር ገዛሁና ክፉ ስሞችን መመዝገብ ጀመርኩ። ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ካነበብኩት ወረቀት፣ ከጋዜጣ፣ ከሬዲዮ፤ ቆዳ የሚያቃጥለውን፣ ኩላሊት የሚጎዳውን፣ ምግብ ውስጥ ገብቶ ምግብ ያልሆነውን ሁሉ በአማርኛ ፊደል አሰፈርኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ብልቃጥና ቆርቆሯቸውን ይዘው ይከቡኛል፤ እኔም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ባለችው ጥላ ሥር ማጉያ መነጽሬን አወጣለሁ። ዶክተር ይሉኛል። በሉኝ አላልኩም፤ አትበሉኝም አላልኩም።

ያላየሁት የለም። ብርቱካን ሥዕሉ ላይ ብቻ ያለበት የብርቱካን ጭማቂ አይቻለሁ። ሥጋ በሩቁም ያልሸተተው፣ ጨው ብቻ የሆነ፣ ወጥ ማጣፈጫ የሚሉት የሥጋ ኩብ አይቻለሁ። ፊት የሚያነጣ ክሬም የሚባለውንማ አታንሱብኝ። ይህች ከተማ ሰዎቿን ዓመቱን ሙሉ በፀሐይ አጥቁራ ስታበቃ፣ በሱቆቿ ማንጫ ትሸጥላቸዋለች። አንዷ እህታችን ጉንጯ እንደ ሁለት አገር ካርታ ተከፍሎ መጥታ፣ «ዶክተር፣ የትኛው ነው የኔ ቀለም?» ብላኛለች። ብልቃጡን ባገላብጠው አንድም ፊደል አልነበረበትም። የማይነበብ ነገር ከሁሉ የባሰ መሆኑን ያን ቀን በቃል አስተማርኩ። በቤቴም ሕግ አወጣሁ፤ በማላውቀው ፊደል የተጻፈ ዕቃ ደጄን አያልፍም።

ነገሩ የመጣው በዚህ ክብሬ ላይ እያለሁ ነው።

የልጅ ልጄ ልትዳር ሁለት ሳምንት ቀራት። እኛው ቤት ያደገች ናት፤ አባባ ትለኛለች፣ ያልኩትንም ታምናለች። ከሶማሌና ከአፋር ጎረቤቶቻችን ጋር ስንኖር ሂናን ከእነሱ ወርሰናል፤ እዚህ ከተማ የእኛም ሙሽራ እጅና እግሯን ሳትሳል አትዳርም። የዛሬ ሙሽሮች ግን የቅጠሉን ቀይ ቀለም ንቀውታል። እንደ ጫማ ቀለም የጠቆረ ነው የሚፈልጉት።

ሂና የምትስለው ሴትዮ ከከተማው ዳር ካለው ሠፈር፣ ከባልባላ፣ በሚኒባስ መጣች። የሠፈራችንን ግማሽ የዳረች ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ከብዙዎቻችን ይሻላል። ዕቃዋን ሁሉ ምንጣፍ ላይ አስደረደርኳት። የሂና ዱቄት፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ጥቁር ፓኬት። ማጉያዬን ጣልኩባትና በአንድ ትንፋሽ አነበብኩ፤ «ፓራፌኒሌንዲያሚን!» ደብተሬ ውስጥ አራተኛው ገጽ ላይ አለ። ቆዳን ውሃ የሚያስቋጥር የፀጉር ቀለም።

«ይሄ ወደ ቆሻሻ!» አልኩ።

«አዴር፣» አለችኝ፤ በሶማልኛ አጎቴ ማለቷ ነው፤ «ሙሽራ በቀይ ሂና ሚስኪን ትመስላለች።»

«ሚስኪን ትምሰል። ቆዳዋ ይቆይላታል።»

«የባልባላ ሙሽሮች ሁሉ ይሄንን ነው የሚቀቡት።»

«የባልባላ ሙሽሮች እንደኔ ያለ አያት የላቸውም።»

ሳቀች። ፓኬቱን በገዛ እጄ ቆሻሻ ውስጥ ጨምሬ፣ የቀኑን ሙቀት ለማሳለፍ ጋደም አልኩ። እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ስነቃ የልጅቱ የእጅ አንጓ ላይ ለሙከራ አንዲት አበባ ተስላለች። አበባዋ ጥቁር ነበረች። ደስ የሚል ጥቁር። ሎሚው ሠርቷል ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያውም፣ «አያችሁ? ያለ ኬሚካል!» ብያለሁ። ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

በሦስተኛው ቀን አበባዋ ተነሣች። ቅርጿን ሳትለቅ፣ ቅጠል በቅጠል አብጣ፣ እያንዳንዱ ቅጠል ውሃ ቋጠረ። ልጅቱ እጇን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጓዳ ተቀመጠች። የቀረው ድብልቅ ፍሪጅ ውስጥ በጎድጓዳ ሣህን ተቀምጧል፤ የሚጠብቀው ሁለት እጆቿንና ሁለት እግሮቿን ነው።

ሴትዮዋን አስጠራሁ። ሎሚውን አሸተትኩ፣ ስኳሩን ቀመስኩ።

«ይሄ ሎሚ ከየት ነው?»

«ከዛፍ ነው፣ አዴር።»

«አትቀልጂብኝ! ምን ጨመርሽበት?»

«ሚስትህ የሰጠችኝን። አባባ የሚያውቀው ዱቄት ነው አለችኝ።»

ባለቤቴ እጄን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባችኝና በሩን ዘጋች። ከመሳቢያዬ አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ አወጣች። ሳያት አወቅኋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የእኔ ሪዝ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥቁር ነበር። በሰባ አራት ዓመቴ እንደ ወጣት ሪዝ ጠቁሮ ማየት ሰዉን ያስደንቅ ነበር፤ ምስጢሩን ሲጠይቁኝም «ኩብ አልበላም» እላቸው ነበር። ኩብ አልበላም፤ ይሄ እውነት ነው። ምስጢሩ ግን በየሁለት ሳምንቱ ከዚያች ቆርቆሮ ይወጣ ነበር።

«ይሄ እኮ የኔ ነው!» አልኳት በሹክሹክታ።

«ያንተ ስለሆነ ነዋ የሰጠኋት። ጨው እንኳ ሳያነብ የማይቀምስ ሰው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአፉ በላይ የሚቀባውን ሳያጣራ ይቀባል ብዬ በምን ልጠርጥር? ከቤታችን ንጹሕ የሆነ ነገር ቢኖር እሱ ነው አልኩ። ልጅቱ ደግሞ ጥቁር፣ ጥቁር እያለች አለቀሰችብኝ።»

ከቆርቆሮው ውስጥ ፓኬቱን አወጣሁ። ፊቱ ላይ ፀጉረ ጥቁር ጎረምሳ ይስቃል። ጽሑፉ እንኳን ማንበብ ከየት አገር እንደሆነ የማላውቀው ፊደል ነው። ባለሱቁ «ከቅጠል የተሠራ ነው» ብሎኝ ነበር፤ እኔም አመንኩት፤ ሌላ ሰው ቢያምነው ለአንድ ሰዓት የምሰድበውን ቃል። ከከንፈሬ በላይ ደግሞ ለዓመታት ያሳክከኝ ነበር። የዶራሌ ወደብ የጭነት መኪኖች አቧራ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አቤቱታ ጽፌአለሁ።

«ግድ የለህም፣» አለች ባለቤቴ፤ «ገበያ ላይ ገዛሁት እላለሁ። ስምህ አይነሣም።»

እሺ አልኳት። ይህንንም አልደብቅም፤ ቆርቆሮዋን መንገድ ላይ ልጥላት ኪሴ ከተትኩና ልጅቱን ይዤ ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ወዳለው ፋርማሲ ሄድኩ።

ባለፋርማሲው ያውቀኛል። መደርደሪያው ፊት ቆሜ ሻምፖዎቹን ለደንበኞቹ ጮክ ብዬ ስላነበብኩለት ሙሴ ኮንትሮል፣ አቶ ተቆጣጣሪ እንደማለት፣ ይለኛል። ጨርቁን ፈታ። ከኋላችን የተሰለፉት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን ነካው?»

«ሂና፣» አለች ልጅቱ።

«ሂና ብቻ እንዲህ አያደርግም። ምን ተጨመረበት?»

«ጥቁር ዱቄት። ግን እሱ ንጹሕ ነው፤ አባባ የሚያውቀው ነው። ሎሚው ይመስለኛል። በሠርጉ ዋዜማ ያለ ሎሚ እቀባዋለሁ።»

ያለ ሎሚ! ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ ያለ ሎሚ። እኔ ዝም ብል ባለቤቴ ገበያውን ትወቅስ ይሆናል፤ ልጅቱ ግን እኔ አውቀዋለሁ የተባለ ነገር ይጎዳኛል ብላ ለማመን ተፈጥሮዋ አይፈቅድም። ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

ቆርቆሮዋን አወጣሁና ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

«ዱቄቱ ይሄ ነው። የኔ ነው። ለሪዜ ነው። አላነበብኩትም።»

ሰልፉ ወደ ሪዜ አፈጠጠ። ከዚያ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሳቀች፣ ሌላው ተከተለ። ባለፋርማሲው ፓኬቱን ገልብጦ በስልኩ ፎቶ አነሣና ጽሑፉን አስተረጎመው። ወዲያው ያንን ረጅም ስም ማንበብ ጀምሮ መሃል ላይ ተደናቀፈ።

«ፓራፌኒሌንዲያሚን፣» አልኩ፤ ጨረስኩለት።

«ሙሴ ኮንትሮል፣» አለ፤ «አጠራርዎ ግሩም ነው።» ወደ ልጅቱ ዞረ። «ከዚህ በፊት ፀጉርሽን ተቀብተሽ ታውቂያለሽ?»

«ስመረቅ። ጆሮዬ ሥር በልቶኝ ነበር።»

«ከእንግዲህ የፀጉር ቀለም የሚባል እንዳይነካሽ። አሁን ቀጥታ ወደ ሐኪም።»

ስንወጣ ልጅቱ ሪዜን አየችው፤ ብዙ አየችው።

«አባባ፣ እኔ እኮ ሁሌም የራስህ ይመስለኝ ነበር።»

«ፀጉሩ የራሴ ነው፣» አልኳት።

ያኔ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ እንደገና ሳቀች፤ እኔ ግን ክንዷን ይዤ ሐኪሙ ቤት እስክንደርስ ቀና አላልኩም።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። ሙሽራዋ ያለ ሂና፣ አንጓዋ ላይ ነጭ ፋሻ አስራ ተዳረች። ሴትዮዋ ከባልባላ መጥታ፣ «ሚስኪን አትመስልም» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ሒሳቤን ልዝጋ። በዚህ ጉዳይ የሠራሁት ይህ ነው፦

የቀረውን ድብልቅ ከነሣህኑ ጣልኩ። ሣህኑ የባለቤቴ ስለነበር ተሰድቤአለሁ።

ፈቃድ ያለው ፋርማሲስት ያቃተውን ቃል በሰው ፊት ጠራሁ።

የልጅ ልጄን ሁለት እጅና ሁለት እግር አዳንኩ። አንጓዋ ላይ የቀረችው ጠባሳ ትንሽ ናት፤ አበባ መሆኗ ግን ይታወቃል።

ለሂና ሴትዮዋ ያንን ረጅም ስም በትልቁ በሦስት ዓይነት ፊደል ጻፍኩላት፤ በአማርኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛውን ጎረቤት ረድቶኝ። ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞራለች፤ ሦስት ሙሽሮች አይተውት ቀይ መርጠዋል።

ሪዜን ተላጨሁ። ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ የላይ ከንፈሬን አይታው አታውቅም፤ «ለካ ቀጭን ነው» አለች።

ቆርቆሮዋን አልጣልኳትም። እሑድ እሑድ ከሁሉ በፊት እሷን አውጥቼ ለእህቶቻችን አሳያለሁ። ዶክተር ማለታቸውን አልተዉም።

ማሳከኩም ቆሟል። ለዶራሌ መኪኖች ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ አቧራቸው አቧራ ነው።