ገመዱን ከመሳቡ በፊት

በጎማ ጫማ ፋብሪካው ውስጥ "ፍሬን" ብሎ የሚጠራው እንጂ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ቅጽል ስሙን ያወጣለት አንድ ቀን የሠራው ደግ ሥራ ነው።

ሥራው ጎማ መዳመጥ ነው። ሁለት ወፋፍራም የብረት ከበሮዎች ፊት ለፊት ይሽከረከራሉ፤ የጋለ ጎማ በመካከላቸው ገብቶ ሳስቶ ይወጣል። አንዱ ሠራተኛ ያጎርሳል፣ ሌላው በወዲያ በኩል ይቀበላል። ፍሬን ተቀባይ ነው። አጉራሹ ደግሞ የታናሽ እህቱ ባል ነበር፤ ፋብሪካው ውስጥ ያስቀጠረውም ፍሬን ራሱ ነው። በዚያን ጊዜ እህቱ፣ "ወንድም ጋሼ፣ አደራ። ችኩል መሆኑን ታውቃለህ" ስትለው፣ "እኔ እያለሁ?" ብሎ ነበር።

ሥልጠና የሰጠቻቸው ወጣት ከከበሮዎቹ በላይ የተወጠረውን ገመድ አሳየቻቸው።

"ይህ ሲሳብ ማሽኑ ይቆማል። ከተጠራጠራችሁ ሳቡ። ለምን ሳባችሁ የሚላችሁ የለም።"

ሥራ አስኪያጁም ከፊት ወንበር ተቀምጦ "ልክ ነው" በሚል ራሱን ነቀነቀ። ፍሬን ነገሩን ከልቡ ያዘው።

አንድ ቀን የአማቹ እጅጌ ወደ ከበሮው ሲጠጋ አየና ሳበ። ማሽኑ ጸጥ አለ። እጅጌው አልተነካም፤ ከበሮው ላይ የቀረው ጎማ ግን ቀዝቅዞ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ሥራ አስኪያጁ ፎቅ ላይ ካለው ባለመስታወት ቢሮው ወረደ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር።

"የማንን ነፍስ አዳንክ?"

"እጅጌው ሊያዝ…"

"ሸሚዝ አዳንኩ በለኛ!"

ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። ፍሬን የደረቀውን ጎማ ብቻውን በቢላ እየፋቀ እንዲያነሳ ታዘዘ፤ ሌላው ዙሪያውን ቆሞ አየው። ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘም።

"ፍሬን! ሚስትህ ስትነዘንዝህ የቱን ገመድ ነው የምትስበው?" ይለዋል የመጋዘኑ ሰው።

አማቹ እንኳ አላስቻለውም። "ጋሼ፣ በእኔ የተነሳ መሳቂያ አትሁን። እኔ እንደሁ ሕፃን አይደለሁም" አለው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እሱን ያስበረገገው ግን ማሽኑ አልነበረም፤ ገመዱ ነበር።

አንድ ጠዋት ጎማው አልገባ ብሎ አስቸገረ። አማቹ በመዳፉ ገፋ አደረገው፤ የጓንቱ ጫፍ ተያዘ። ፍሬን አየ። እጁም ወደ ገመዱ ተነሳ፤ ዓይኑ ግን ቀድሞ ወደ ላይ፣ ወደ መስታወቱ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ቁልቁል ይመለከታል። ጓንት ብቻ ቢሆንስ? ይህን ለማሰብ የፈጀበት ጊዜ ዓይን ከመጨፈን አይበልጥም። ገመዱን ሲስብ ከበሮው የአማቹ ክርን ላይ ደርሶ ነበር።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሰበሰበ።

"ገመዱ ለጌጥ ነው እንዴ የተሰቀለው? ሥልጠና አልሰጠናችሁም?"

ፍሬን ብድግ አለ። "ሰጥታችሁናል ጌታዬ። መጀመሪያ አሠልጣኟ፣ ቀጥሎ እርስዎ።"

የሳቀ አልነበረም። የመጋዘኑ ሰው አንገቱን ደፋ።

ፍሬን ሆስፒታል ሲሄድ አማቹ ቀኝ እጁ በነበረበት በኩል ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ተኝቷል።

"ጋሼ፣ ወደ ላይ ስታይ አይቼሃለሁ።"

ፍሬን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እኔም ብሆን ቀና ብዬ አይ ነበር" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ለእህትህ ግን እንዳትነግራት።"

እሱ ግን ነገራት። ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ያጠበችውን ልብስ በሳፋ እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ወንድሜ ነህ፤ ቤቴ አይዘጋብህም" አለች። "ሳለብሰውና ስመግበው ግን አትምጣብኝ።"

ከዚያ ወዲህ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ቶሎ አይገባም። ሳህኑ እስኪነሳ ድረስ አጥሩ ሥር ቆሞ ያዳምጣል።