ከጭነት መኪናው ሥር የገባችው ልጄ

አምና ጥቅምት ላይ ጋሸና ያጋጠመኝ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ልጄን ሳላውቃት እንደኖርኩ የገባኝ የዚያን ዕለት ነው።

ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። ልጄ ማህሌት ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ድምፅ ያስደነግጣታል፤ ከደነገጠች ደግሞ ብጠራት አትሰማኝም። እኔ እልኸኛ ናት እያልኩ እገርፋት ነበር።

ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ እናቶችን ሰብስባ ስለ ልጆች አእምሮ አስተምራን ነበር። «ልጅ በጣም ሲፈራ የሚያመዛዝነው የአእምሮው ክፍል ለጊዜው ሥራ ያቆማል። ያን ሰዓት ምክርም ቁጣም አይገባውም። መጀመሪያ አረጋጉት፣ ከዚያ አስተምሩት» አለችን። እኔ በልቤ፣ ይቺ ነርስ ልጅ አሳድጋ አታውቅም ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት ላይ ከወልድያ ስንመለስ ጋሸና ወርደን የላሊበላ መኪና እንጠብቃለን። አጠገባችን የአንድ ሚኒባስ ጎማ ፈነዳ። ማህሌት እጇን ከእጄ መንጭቃ ሮጠችና ሊነሳ ሞተሩን ያስነሳ የጭነት መኪና ሥር ገባች።

ሰዎች የጋቢናውን በር እየደበደቡ ሾፌሩን አስቆሙልኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ «ውጪ፣ ዛሬ አለቅሽም» እያልኩ እጮኻለሁ። ይባስ ብላ ወደ ውስጥ ገብታ የኋላውን ጎማ አቀፈች። አንዱ «ጎትቻት» ይላል፣ ሌላው «በዱላ ነካ አድርጓት» ይላል። ልጄ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ግን አታየኝም። የነርሷ ቃል ያኔ ትዝ አለኝ።

ሾፌሩ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡ። «አብሽሪ ልጄ፣ ሳትወጣ መኪናው አይንቀሳቀስም» አሉኝ። የተሰበሰበውንም ሰው ገለል አደረጉልኝ።

አቧራው ላይ በሆዴ ተኛሁ። «ፈራሽ አይደል የኔ እናት? እኔ እዚሁ ነኝ» አልኳትና ቀስ ብዬ መተንፈስ ጀመርኩ። የእሷም ትንፋሽ እየረጋ መጣ፤ ጣቶቿ ጎማውን ለቀቁ። በዳዴ መጥታ አንገቴ ሥር ተወሸቀች። ሽንቷ አምልጧት ነበር።

ሾፌሩ ቁልፋቸውን ሲቀበሉኝ «እኔ ስድስቱንም ልጆቼን በዱላ ነው ያሳደግሁት» አሉና አቀርቅረው ወደ ጋቢናቸው ወጡ።

ወደ ላሊበላ ስንጓዝ ማህሌት «እማ፣ አንቺም ፈርተሽ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ፣ በጣም ፈርቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተቆጣሽ?»

ሳብ አድርጌ አቀፍኳት።

አሁንም የምቆጣበት ቀን አለ። ቢሆንም ስትደነግጥ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፤ የሚነገረውን ከተረጋጋች በኋላ እነግራታለሁ። የሚቆጨኝ ከዚያ በፊት፣ በፍርሃት ደንዝዛ ሳለች የገረፍኳት ነው። እሷ ረስታው ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም።