የተሸጠው አሜሪካዊና ያልተሸጠው ወለል

አበጋዝ ኳስ ወዶ አያውቅም፤ በእጅ የሚጫወቱትንማ ጭራሽ። አዲስ አበባ ሳለ ስፖርት የወጣቱ ማደንዘዣ ነው ብሎ ሦስት ገጽ ጽፎ በካርቦን አባዝቷል። እንዲህ ያለው ሰው በፈረንጆች 1986 ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ዙይድ በሚባለው ሠፈር ውስጥ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ጠራጊ ሆኖ፣ ኑሮው በአንድ ዘንካታ አሜሪካዊ ላይ ተንጠለጠለ። ተንጠለጠለ ያለው ራሱ ነው እንጂ ማንም አልሰቀለውም።

ነገሩ ይኸ ነው። ሚስቱ ይመኙሻል ካርቱም ከቀረች አራት ዓመቷ ነው። እሷን ወደ ሆላንድ የማስመጣቱን ጉዳይ የያዘችው ጠበቃ «ከአንድ አሠሪ ዘንድ ዓመት ሙሉ ያልተቋረጠ ሥራ አሳየኝ፤ ያን ዕለት ማመልከቻዋን አስገባለሁ» ብላዋለች። አሥሩን ወር በመወልወያ ገፍቶታል፤ ሁለት ቀርቶታል። አለቃው ሄንክ ቢሰድበው የማይመልስባቸው፣ ወገቡ ቢቆረጥ የማይታመምባቸው ሁለት ወራት ናቸው። «የደርግ እስር ቤት እንኳ ለታመመ ሐኪም ነበረው» ይላል። ውሸቱን ነው፤ ታስሮ አያውቅም።

በዚህ መሀል ጋዜጦቹ ማውራት ጀመሩ። በዚያ አዳራሽ የሚጫወተው የሮተርዳም ክለብ ኮከብ፣ ሎውሰን የሚባለው ያ አሜሪካዊ፣ ለዴንሃጉ ክለብ ሊሰጥ ነው፤ በምትኩ ሁለት ተጫዋች ሊመጣ ነው ተባለ። እውነት ይሁን ሐሰት ማንም አያውቅም። ስለዚህ ጉዳዩ ዴልፍስሃቨን ሠፈር፣ በጓደኛው በባዩ ቤት፣ የእሁድ ከሰዓቱ ጉባኤ ፊት ቀረበ። ጉባኤው አንድም መንግሥት መገልበጥ ያልተሳካላቸው፣ ግን ትንታኔ የማያልቅባቸው ሰዎች ስብስብ ነው። ቅርጫቱ ስንት ክንድ ከፍታ እንዳለው የሚያውቅ በመካከላቸው አልነበረም።

አበጋዝ የክለቡን ሳምንታዊ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ተመልከቱ። ባለፈው ሳምንት ስሙ መጀመሪያ ነበር፤ አሁን አራተኛ ወርዷል። በፎቶውም ከአሠልጣኙ ርቆ ነው የቆመው።»

«ሽንቱ መጥቶበት ይሆናል» አለ ባዩ።

«አንተ ወረቀት ትበትናለህ እንጂ መቼ አንብበህ ታውቃለህ?»

«አንተ የጻፍከውን ማን ያነባል ብዬ ነዋ።»

ጋሽ ንጉሰ ሣቁ። አሥመራ ተወልደው ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ቴሌ ያገለገሉ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው። «እኔ ኳስ አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «ግን ስሙ ወደ ታች የወረደ ሰው አልቆለታል። የእኛ ሚኒስትር በበዓል ቀን ሦስተኛ ረድፍ ተቀመጡ፤ ሰኞ ቤታቸው ታሸገ። ሾፌራቸው ተባረረ፣ ተላላኪያቸው ተባረረ፣ ስልካቸውን እቀጥል የነበርኩት እኔም ተባረርኩ።»

«እርስዎ ምን አድርገው?» አለ አበጋዝ።

«ሃሎ ብዬ ነዋ።»

ሌላው ሣቀ። አበጋዝ አልሣቀም። ሎውሰን ከሄደ የክለቡን ወጪ የሚችለው ነጋዴ ይሄዳል፤ እሱ ከሄደ ክለቡ ይሞታል፤ ክለቡ ከሞተ አዳራሹን ማን ያስጠርጋል? ትልቅ ሰው ብቻውን ሲወድቅ ያየ ሐበሻ የት አለ?

«ሄንክን ለምን አትጠይቀውም?» አለው ባዩ።

«አለቃ ተጠይቆ እውነት የሚናገረው በየትኛው አገር ነው?»

ሕዝብ በግልጽ ይነገረው እያለ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ሁለት ቃል መጠየቅ ከበደው።

በዚያው ሳምንት ሰገነት ደወለችለት። ዴንሃግ አጠገብ ባለችው ዞተርሜር ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ቢሮ የምትሠራ የአገሩ ልጅ ናት። «ልብስ ማጠቢያው ሰው ይፈልጋል። ቋሚ ነው። እስከ ዓርብ ካልመለስክ ለሌላ ይሰጡታል፤ እኔ ከዚህ በላይ ልለምንልህ አልችልም» አለችው።

እንግዲህ ወጥመዱ ከሁለት ወገን ተከፈተ። ቢሄድ አሥሩ ወር ገደል ገብቶ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ቢቀርና አዳራሹ ቢዘጋ ደግሞ ያም የለ፣ ይህም የለ። ሦስት ቀን እየወለወለ አሰላሰለ፤ አንዱን ጥግ አራት ጊዜ ወልውሎት ተጫዋቾቹ እየተንሸራተቱ ወደቁበት። ሐሙስ ከሰዓት ሎውሰን ጀልባ የሚያህሉ ጫማዎቹን ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ በፌስታል ሲከት አየው። አበቃ። ዓርብ ጠዋት ለሰገነት እሺ ብሎ ደወለና ሥራውን መልቀቁን ጽፎ ሰጠ። ሄንክ አነበበና ትከሻውን ሰበቀ።

ቅዳሜ ጋዜጣው አወጣው፤ ሎውሰን በሁለት ተጫዋች ተለውጦ ዴንሃግ ገብቷል።

እሁድ አበጋዝ ነቢይ ሆነ። ባዩ ቢራ ከፈተለት። ጋሽ ንጉሰ «ይኼ ልጅ አገር ቢያገኝ ኖሮ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነቢዩ ከሰዓቱን ሙሉ ስለ ስም አደራደር ሲያስተምር ዋለ።

ማክሰኞ ቁልፍ ሊመልስ ሄደ። አዳራሹ አልታሸገም። ሁለቱ አዲስ ተጫዋቾች ሲሮጡ፣ አንዲት ከሱሪናም የመጣች ሴት በእሱ መወልወያ ጥጉን ትወለውላለች።

«ክለቡ አልተዘጋም?» አለ።

«ለምን ይዘጋል?» አለ ሄንክ።

«ሎውሰን ሄደ አይደል።»

«ሎውሰን ሄደ፤ ሁለት መጡ። ላቡ እጥፍ ሆነ፤ ሰዓት ልጨምርልህ ነበር። ደግሞ ክለቡ ቢዘጋስ? አዳራሹ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ የሚያስጠርገውም እሱ ነው። ነገ መረብ ኳስ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ የጡረተኞች ጂምናስቲክ። ወለሉ ማን ቢረግጠው ወለል ነው።»

«ብመለስስ?»

ሄንክ ወደ ሴትዮዋ ጠቆመ። «ትናንት ፈረመች። ለመሆኑ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ጠበቃዋም አላዘነችለትም። የተቋረጠ ተቋርጧል፤ ከዞተርሜር የመጀመሪያ ቀን ጀምረን እንቆጥራለን አለችው።

ለይመኙሻል አራት ገጽ ጻፈ። የቅርጫት ኳስን ሕግ፣ የዝውውሩን ምሥጢር፣ የሚኒስትሩን ሦስተኛ ረድፍ አንድ በአንድ አስረዳ። ትንተናው ልክ እንደነበረ ሁለት ጊዜ አሠመረበት። መልሷ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም።

«ደኅና ነኝ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ቁመቱም ስለ ጫማውም ነግረኸኛል፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የተሸጠው ሰውዬ ምንህ ነው?»

አበጋዝ መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ቀደደው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በምድር ውስጥ ባቡር የከተማውን ወንዝ በሥሩ ይሻገራል፤ ዴንሃግ ላይ ባቡር ይለውጣል፤ ዞተርሜር ገብቶ አንሶላ ያጥባል። ሁለተኛ ወሩን ይዟል።