«ወፍራም» ያልናት ምሕረት

ትናንት ዳቦ ልገዛ ሱቅ ቆሜ ሳለ የግቢያችን ልጅ አቤል አሮጌ ጎማ እየነዳ በአጠገቤ አለፈ። አንዲት ጎረቤት አየችውና «ይሄ ልጅ ድሮ እንዴት ወፍራም ነበር! ምነው እንዲህ ከሳ?» አለች፤ ከልቧ አዝና። ዳቦዬን ተቀብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። ስለዚህች ቃል ሱቅ በር ላይ ቆሞ ማውራት አይቻልም። ቤት ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ።

ታናሽ እህቴ ምሕረት ትባል ነበር። ግቢው ግን «ጉንጮ» ነው የሚላት። ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው አዲስ ከተማ በሚባል ሰፈር፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ እንኖር ነበር። እናታችን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለምትሠራ ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ እኔ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ምሕረትን የሚይዙልን ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነበሩ። ጡት ከተወች በኋላ ምግቧ የእንሰት ቡላ ገንፎ ነው። ጠዋት ቡላ፣ ቀን ሻይ የጠጣ ዳቦ፣ ማታ ቡላ። ቡላ አጥንት ይጠግናል፣ አራስ ያነሳል ይባላል። ሽታውን አሁንም እወደዋለሁ፤ ቅቤ ጠብ ሲልበት ግቢውን የሚያውደው ያ ለስላሳ ሽታ። ድስቱ ጠርዝ ላይ የደረቀውን እየፋቅን እኔና እሷ እንሻማ ነበር። ጉልበት ስለሌላት ትሸነፋለች፤ ስትሸነፍ ግን አውራ ጣቴን ትነክሳለች።

ከዚያ ንክሻው ቀረ። ጉንጯ ሞላ፣ እግሯ ሞላ፣ ጸጉሯ ሳሳና ቀላ። ጉንጮ የሚለው ስም የወጣላት ያኔ ነው። እትዬ ዘነበች «የኔ ፈረንጅ» እያሉ ያቆላምጧታል። ማልቀስም መጫወትም ስትተው ደግሞ «ጨዋ ልጅ» ተባለች። እናቴ ትኮራ ነበር። ልጄን ትቼ እየሄድኩ ትጎዳብኛለች ብላ ስትሰጋ የከረመች ሴት፣ «ወፈረች» ሲሏት ምን ትበል?

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነው። እናቴ ምሕረትን አዝላ ሦስታችንም ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን። መሬቱ በዓሣ ቅርፊት ያብረቀርቃል፤ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ ጡረታቸውን እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ተሰልፈው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። እኔ ጥሬ ዓሣ በአዋዜ እየነከርኩ እበላለሁ። ዓሣ የሚያጸዳው ሰውዬ አጥንት የሌለው ቁራጭ ወደ ምሕረት ዘረጋ።

«እንኪ፣ ቀቅለሽ አድቅቀሽ ስጫት።»

«ወንድሜ፣ ለሕፃን ዓሣ? ያንቃታል እኮ!» አለች እናቴ።

«ታዲያ ምን አብልተሽ ነው እንዲህ ያወፈርሻት?»

«ቡላ ነዋ!»

ተሳሳቁ። ሰውዬው ቁራጩን ለአባ ኮዳ ወረወረለት። ወፉ ሳያኝክ ዋጠው። አላነቀውም።

እሁድ ምሕረት ተቅማጥ ያዛትና ሰውነቷ ቀዘቀዘ። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ እግሯን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ።

«ይሄ ውፍረት አይደለም እናቴ። እብጠት ነው። ምግብ አንሷት ነው።»

«ምግብማ ትበላለች! ሆዷ ሞልቶ ነው የምትተኛው» አለች እናቴ።

እውነቷን ነው። ምሕረት ርቧት አድራ አታውቅም። የጎደላት እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ዓሣ ነበር። ሐይቁ ከቤታችን ምን ያህል ይርቃል? እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ዓሣው በየቀኑ በመኪና ተጭኖ በደጃችን ያልፋል፤ እኛ አፍንጫችንን እንይዛለን። ከዚያ ሁሉ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ «ጎሽ፣ ወፈረች» ባይ፣ አንድ ሰው እንኳ እግሯን ጫን ብሎ አላየላትም። በማግስቱ አረፈች።

ቀብረናት በነጋታው ጠዋት ሰው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ በሰፌድ ዞረ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ስንዴ። ባቄላ የሕፃን ሆድ ይነፋል ተብሎ ምሕረት አንድም ቀን አልቀመሰችውም። አሁን ለእሷ ኀዘን እፍኝ እፍኝ ይታደላል። ሰፌዱ እኔ ጋ ሲደርስ ለጎኔ ሰው አሳለፍኩት። ተነሣሁ። እናቶቻቸው ጭን ላይ የተቀመጡትን ሕፃናት እግር፣ እሷ ትነክሰው በነበረው ጣቴ፣ አንድ በአንድ መጫን ጀመርኩ።

«ኧረ ያዙት፣ ኀዘኑ ራሱ ላይ ወጥቷል» አለች አንዷ።

እትዬ ዘነበች የልጅ ልጃቸውን አቤልን አቅፈዋል። «እትዬ፣ ይፍቀዱልኝ» ብዬ እግሩን ጫንኩና ለቀቅኩ። ጉድጓዱ ቀረ።

ጉድጓዱን አዩ። እኔን አዩ። «ይሄ እኮ ወፍራም ልጅ ነው» አሉ። አነጋገራቸው ግን እንደ ጥያቄ ነበር።

አቤልን ከእቅፋቸው ወስጄ ወጣሁ፤ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ተከተሉኝ። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አስቆምኩ። ሾፌሩ ዞር ብሎ ልጁን አየና ፊቱ በራ።

«አቤት! ምን የመሰለ ወፍራም ልጅ ነው!»

«ቡሹሎ» አልኩት። «ቶሎ ንዳ።»